የስኩዊረል መመገቢያ ሳጥን፣ ጓሮ ላለው ሁሉ

ስቶክሆልም ጓሮ ያላችሁ ይሄን የእንጨት ሳጥን ግዙት በናታችሁ። ቀዩዋ ስኩዊረል (ዛፍ ላይ የምትኖረው ባለ ጎፍላላ ጭራ ትንሽ እንስሳ) መጀመሪያ ክዳኑን ስለፈራችው በእንጨት ቁራጭ ገርበብ አድርጌ ተውኩላት ከዛ ውስጡ ያለውን ምግብ ሽታ ተከትላ መጣች፣ አሁን በጭንቅላቷ ገፍታ ትከፍተውና ሄዝልነቱን (ጠንካራ ቅርፊት ያለው ክብ የለውዝ ዓይነት) በሁለት እጇ እያሽከረከረች ስትፈለፍል እኔ አጠገቧ ቡና እየጠጣሁ ነው፣ አትሸሽም እኮ! ከነቅርፊቱ ስጧት፣ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መሞረድ አለበት። ኦቾሎኒ ብቻ አይሆንም ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ጨው ያለውማ በጭራሽ። የበረዶውንም ወራት ተኝታ አታሳልፍም ስለዚህ ያኔም ሙሉላት። በእጅ ማጉረስ ግን ይቅር፣ የዱር እንስሳ ናት ትነክሳለች። ቅር ያለኝ የክዳኑ ማጠፊያ ብቻ ነው፣ መዛግ ጀምሯል፣ በዚህ ዋጋ የማይዝግ ብረት ማድረግ ነበረባቸው።