ከኖቫ ወደ ጆርጅ ሜሰን፦ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ላሰባችሁ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ስለጠየቀኝ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው። "ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ለመማር ኖቫ ገብቼ ትራንስፈር ላድርግ ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ልግባ?" ኖቫ ግቡ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለውን የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ማለቴ ነው። እኔ በዚያ በኩል አልፌ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ ዛሬም እንደ አዲስ ብጀምር እዚያው ነው የምሄደው። ግን እቅዱ የሚጀመረው ከኖቫ ሳይሆን ከሜሰን ነው።

ምን ማለቴ መሰላችሁ? ክላስ ከመያዛችሁ በፊት የምትጨርሱበትን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ኮርስ ዝርዝር ፕሪንት አድርጉ። ሦስተኛ ዓመት ለመግባት ምን ምን ማለቅ እንዳለበት በእስክሪብቶ አስምሩበት። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ይሄን ያወቅኩት ዋጋ ከፍዬበት ነው። ቨርጂኒያ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ስቴት ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ነበር የጀመርኩት። አድቫይዘሩ ዘንድ ገብቼ "ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ" አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ መዘገበኝ። አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ሁለት ሴሚስተር ሌሊት እየሠራሁ ቀን ተማርኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ቨርጂኒያ መጥቼ ትራንስክሪፕቴ ሲታይ ግን ፊዚክሱ ለኢንጂነሪንግ አይሆንም ተባልኩ። ለካ የተመዘገብኩት ካልኩለስ የሌለበት ፊዚክስ ነው። ሒሳቡም እንደዚያው። ፕሮግራሙ ራሱ ኢንጂነሪንግ ሳይሆን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ዓመቱን ሙሉ ያልተኛሁት እንቅልፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለዚህ ስም ላይ ተጠንቀቁ። ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቶሎ ሥራ መያዝ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ግን ብዙው ክሬዲት ወደ አራት ዓመቱ ኢንጂነሪንግ አይሻገርም። እናንተ የምትፈልጉት አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ የሚለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። መሃሉ ላይ "አፕላይድ" የሚል ቃል ካያችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። የኮርስ ቁጥሮቹንም እዩ። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ፊዚክስ 201 በአልጀብራ የሚሰጠው ነው፤ የኢንጂነሩ 241 እና 242 ናቸው። ሒሳብ 261ም ስሙ ካልኩለስ ነው፣ ግን የኢንጂነሪንጉ 263 ነው። በምዝገባ ገጹ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ስታዩዋቸው ልዩነታቸው ምንም አይመስልም።

ስንት ዓመት ይፈጃል ለምትሉኝ፣ እሱን የሚወስነው ሒሳብ ነው። ካልኩለስ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ፊዚክስ 241 ካልኩለስ ይጠይቃል፣ 242 ደግሞ 241ን ይጠይቃል፣ ሰርኪዩት የሚባለው የኤሌክትሪክ ዑደት ኮርስም ያለ ካልኩለስ አይነካም። እንግሊዝኛውን፣ ታሪኩን፣ ሌላውን ሁሉ የትም ቦታ መሰካት ይቻላል። ሒሳብ ግን አንድ ሴሚስተር ከዘለላችሁ ሁሉም ነገር አንድ ሴሚስተር ይገፋል። ከካልኩለስ የጀመረ ሰው ሙሉ ጊዜውን ከተማረ በሁለት ዓመት ሊወጣ ይችላል፤ ከአልጀብራ የጀመረ ሦስት ዓመት ይያዝ።

እዚህ ላይ አገር ቤት ናቹራል የተማራችሁ ልጆች ጠጋ በሉ። 12ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቴግራል ተምራችኋል። ረሳችሁት እንጂ አታጡትም። ብዙ ልጆች ግን ኤርፖርት ወይ ፓርኪንግ ሲሠሩ ከርመው፣ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ከየትኛው ሒሳብ እንደሚጀምሩ የሚወስነውን የምደባ ፈተና ይወስዱና ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላሉ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሁለት ሳምንት ትሪጎኖሜትሪና ሎጋሪዝም ከልሱና ግቡ። ያቺ ሁለት ሳምንት አንድ ዓመት ልታተርፍላችሁ ትችላለች።

ኖቫን የምወድበት ዋናው ምክንያት አድቫንስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ከ2018 ጀምሮ ከሜሰን ጋር አብረው የሚያካሂዱት ነው። ገና ኖቫ እያላችሁ እስከ ዲግሪው ድረስ ያለው መንገድ ኮርስ በኮርስ ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ የሚከታተላችሁ ሰው ይመደብላችኋል፣ ስትሻገሩም እንደ አዲስ ማመልከቻ አትሞሉም። ክሬዲት ሳይበዛባችሁ ገና በጠዋቱ ግቡበት። የሜሰን ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ኤቤት ከሚባለው፣ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን ከሚመዝነው ድርጅት እውቅና አለው፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ካሰባችሁም ይህን እውቅና ሳታዩ አትወስኑ፣ በኋላ ለኢንጂነርነት ፈቃድ ይጠቅማችኋል።

ገንዘቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዓመት ለኖረ ነዋሪ የኖቫ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ይችላል። በእሱ በኩል የሚገኘው፣ የማይመለሰው የመንግሥት ድጋፍ ፔል ግራንት ይባላል፤ በ2024–25 የዓመቱ ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ፔል ግን ገደብ አለው፤ በዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የማይሻገር ክላስ ስትወስዱ ይህንንም እየበላችሁ ነው። እኔ ከ12ቱ ሁለቱን ሴሚስተር በማይሻገሩ ክላሶች ጨርሻለሁ።

ትምህርቱስ ለሚለው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰርኪዩት ላብ ላይ አንድ ማታ መብራቷ አልበራ አለችኝ። ሬዚስተሩን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ ወይ ፍንክች። መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እጁን አላስገባም። መልቲሜትሩን፣ ኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ሰጠኝና "ቮልቱ እስከ የት ደረሰ?" ብሎ ጠየቀኝ። ብሬድቦርዱን፣ ሽቦ የሚሰካበትን ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ እየለካሁ ሄድኩ። 5፣ 5፣ 5... ብሬድቦርዱ መሃል ላይ ስደርስ ዜሮ። ዝቅ ብዬ ሳይ ቀዩ መስመር እዚያ ጋ ተቋርጧል። አንዲት አጭር ሽቦ ባሻግርበት ቦግ አለ። እንደዚያ አጠገባችሁ ቆሞ የሚጠብቃችሁ መምህር፣ በኋላ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስትቀመጡ ይናፍቃችኋል።

ለመንገዱ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ከታች ሒሳብ ለሚጀምር ሰው በጣም ስለሚረዝም ነው፤ ቤተሰብ እያስተዳደረ ለሚማር ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሲመጣ የሜሰንን ዝርዝር ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አብረን አሰመርንበት። አሁን የኖቫ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ነው የሚማረው። ይሄን ሴሚስተር ሒሳብ 264ን፣ ካልኩለስ ሁለትን፣ ከፊዚክስ 241 ጋር ይዟል። ወረቀቱ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ኮርስ ባለቀ ቁጥር ራሱ ነው የሚሰርዘው።