የጎንደር ብየዳ ቤቶች አሮጌ ሬጉሌተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ከአዘዞ እስከ ማራኪ ባሉ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሬጉሌተር (የቦምቦላውን ከፍተኛ የጋዝ ግፊት ለሥራ ወደሚበቃ ግፊት የሚያወርደው ዕቃ) ይታያል። አንደኛው ከባዱ ነው፤ ናሱ ጠቁሯል፣ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መስታወት ተሰንጥቋል፣ ስንት ባለቤት እንደቀያየረ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ቀላልና አብረቅራቂ፣ ጌጁ ላይ ባለ ቀለም ላስቲክ የተጠለቀለት፣ የኦክስጅኑና የአሴትሊኑ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ አዲሱ ነው። የመጀመሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ጠብ የሚነሳው በሁለቱ መካከል ነው። «የድሮ ዕቃ አይሞትም» የሚለው ወገን ግማሽ እውነት አለው፤ አካሉ እውነትም አይሞትም። የሚሞተው ውስጡ ያለው ላስቲክና ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ባይውልም እንኳ መደርደሪያ ላይ ያረጃል። ብዙ አምራቾች በየ5 ዓመቱ ይታደስ ወይም ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

ሙሉ የኦክስጅን ቦምቦላ ወደ 150 ባር ግፊት ይይዛል። 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ከ2.5 እስከ 3 ባር ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚችለው ጋዙን የምትዘጋው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የፕላስቲክ ማረፊያና ከኋላዋ ያለው ዲያፍራም (በግፊት የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን) ናቸው። ቦምቦላው ጎንደር ላይ ተሞልቶ ወደ መተማ ሲወርድ ግፊቱ ይጨምራል፤ በ15 ዲግሪ 150 ባር የነበረው 40 ዲግሪ ላይ ወደ 163 ይወጣል። ጤነኛ ሬጉሌተር ይህን አይፈራም፤ ማረፊያው የተበላ ግን መጀመሪያ የሚያሳብቀው እዚያ ቆላ ላይ ነው።

ከመፍታት በፊት ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ፍተሻ አለ። ማስተካከያ እጀታውን እስኪላላ ወደ ውጭ አዙሩ፣ ከሬጉሌተሩ ፊት ሳይሆን ጎን ቁሙ፣ ቦምቦላውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አሁን የመውጫው ጌጅ ዜሮ ላይ መተኛት አለበት። እጀታው ላልቶ ሳለ መርፌው ከተነሳ ማረፊያው አይዘጋም ማለት ነው። ከዚያ ቶርቹን ዘግታችሁ የኦክስጅኑን 2 ባር ላይ (የአሴትሊኑን ግን ከ1.5 ባር በታች) አስተካክሉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ለምሳሌ 2፣ ከዚያ 2.5፣ ከዚያ 3 እያለ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ በሽታው ያው ነው። «ትንሽ ነው፣ ይሠራል» የሚባለው ይህ ሬጉሌተር ምሳ ሰዓት ላይ ቦምቦላው ሳይዘጋ ሲቀር የጋዝ ጎማውን የሚያፈነዳው ነው።

ቀጥሎ ቅባት የሌለው የሳሙና ውሃ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀቡ፤ ከሁሉ በላይ ግን ሞላው የተቀመጠበት ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተመልከቱ። እዚያ አረፋ ከተነሳ ዲያፍራሙ ተቀዷል፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ጋዝ የሚያስወጣው) የሚተነፍስ ከሆነ ግን እሱን ለመቀየር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሴፍቲው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥፋተኛው ከውስጥ ያለው ማረፊያ ነው። በቡሎን ወይም በማጣበቂያ የተደፈነ ሴፍቲ ያለበት ሬጉሌተር አይጠገንም፣ ይጣላል።

ፍተሻውን ካላለፈ የመግቢያውን ማጣሪያ አውጡና በብርሃን እዩት። የውሳኔው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ነው። ማጣሪያው ጥቃቅን የነሐስ ፍሬ ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ ሲነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል። ቡናማ ዱቄት ከያዘ ከቦምቦላው የመጣ ዝገት ነው፤ ማጣሪያው ይቀየራል፣ ሬጉሌተሩ ይጠገናል። አረንጓዴ ከሆነ እርጥበት ገብቷል፤ ውስጡ ካልተበላ አሁንም ተስፋ አለው። ጥቁር ጥላሸት ካለው ግን ውስጥ እሳት ነበር። ቦምቦላው በድንገት ሲከፈት ጋዙ ከመግቢያው ውስጥ ተጨምቆ ይግላል፤ ቅባት ወይም ቆሻሻ ካገኘ ይቀጣጠላል። ጥቁር ማጣሪያ ያለውን የኦክስጅን ሬጉሌተር አጥቦ መመለስ አይቻልም። ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት የነካውም እንደዚያው ነው፣ ስሙ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን።

ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነና የመግቢያው ፊሌቶ (የማሰሪያው ጥርስ) ካልተበላ አሮጌው መጠገን ይገባዋል፤ በተለይ ግፊቱን በሁለት ጊዜ የሚያወርድ ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ። ባለ አንድ ደረጃው ቦምቦላው እየጎደለ ሲሄድ የመውጫው ግፊት ቀስ በቀስ ይነሳል፣ በያጁም በየጊዜው እጀታውን ይነካካል። ባለ ሁለት ደረጃው ግፊቱን እስከ መጨረሻው አካባቢ ሳያዛንፍ ይዞ ይዘልቃል። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ሻሲ ወይም የትራክተር ዕቃ ለሚቆርጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ በካርቶን የሚሸጡት አብዛኞቹ ባለ አንድ ደረጃ ናቸው።

ጥገና ሲባል ግን ሙሉ የመለዋወጫ ስብስቡ መቀየር አለበት፦ ማረፊያው፣ ዲያፍራሙ፣ ማጣሪያው፣ ጎሚኒዎቹ (የላስቲክ ቀለበቶቹ)፣ ትንሿ ሞላ። እንደ ቪክተርና ሃሪስ ያሉ አምራቾች ለሞዴላቸው የተለየ ስብስብ ያወጣሉ፤ የሞዴል ቁጥሩ አካሉ ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው አዲስ አበባ «የሚመስል» ማስመጣት ገንዘብ መጣል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የወፈረ ዲያፍራም ሬጉሌተሩን ሌላ ዕቃ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የቶርኖ ቤቶቻችንን ነገር ማንሳት ግድ ነው። እጃቸው አይታማም፤ የጠፋ ዳዶ፣ የተበላ ዘንግ ቆርጠው ያወጣሉ። የኦክስጅን ማረፊያ ግን አታሠሩ። ፕላስቲኩ የቱ ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም፣ ሲቆረጥ የቶርኖ ዘይት ይነካዋል፣ ልኩ በዓይን ነው። ተሠርቶ ሲገጠም ደግሞ ጥሩ ሆኖ ይዘጋል፣ አታላይነቱም እዚያ ላይ ነው።

ሲታጠብ ቤንዚን ክልክል ነው። ለብ ባለ ውሃና ቅባት በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ላይ ይደርቃል። በጋራዡ ኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ነው፤ የኮምፕሬሰር አየር ግን የዘይት ጭጋግ ይዞ ይወጣል፣ ያጠባችሁትን መልሶ ያበላሸዋል። ከስብስቡ ጋር ለኦክስጅን የተፈቀደ ቅባት ከመጣ እሱ ብቻ፣ ካልመጣ ምንም። የመግቢያው መጋጠሚያ ላይም ቴፍሎን አይጠመጠምም፤ እዚያ የሚዘጋው ናስ ከናስ ወይም ጎሚኒው ነው፣ የቴፍሎኑ ቁራጭ ገብቶ ማረፊያው ላይ ይቀመጣል።

በአሴትሊኑ በኩል ፍርዳችን ጠንከር ያለ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ይቀየር። አሴትሊን ከ1.5 ባር በላይ ሲታመቅ ኦክስጅን ሳይኖር በራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱ የሚሳብበት የአሴትሊን ሬጉሌተር የሚሰጠው ትርፍ ጊዜ የለም። ሌላም ችግር አለው። ቦምቦላው ውስጥ አሴቶን አለ፤ በጭነት መኪና ተኝቶ መጥቶ ወዲያው ከተከፈተ አሴቶኑ ወደ ሬጉሌተሩ ይሳባል፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ለብዙ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሳይቆም አይከፈት። የተቆረጠ የአሴትሊን ጎማ በመዳብ ቱቦ የሚቀጥል ቤት ደግሞ ስለ ሬጉሌተር ከማሰቡ በፊት ያንን ያውጣ፤ አሴትሊን ከመዳብ ጋር ሲሆን በንክኪ የሚፈነዳ ነገር ይሠራል። ከቦምቦላ ይልቅ አሴትሊኑን ከካርባይድ በበርሚል እያወጣችሁ የምትሠሩ ይህ የሬጉሌተሩ ክፍል አይመለከታችሁም፣ የመዳቡ ግን ይመለከታችኋል።

አዲሱ የካርቶን ዕቃስ? ለበርና መስኮት፣ ለቀጭን ላሜራ ይበቃል። ጥሩ ጎኑ ላስቲኩ አዲስ መሆኑ ነው። ደካማው ጌጁ ነው፤ አንዴ ከወደቀ መርፌው ዜሮ ላይ አይመለስም። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ መርፌዎቹ ዜሮ ላይ መሆናቸውን፣ መግቢያው ላይ ማጣሪያ መኖሩን፣ የአሴትሊኑ ዳዶ ጠርዙ ላይ የተነቀሰና ወደ ግራ የሚታሰር መሆኑን፣ አካሉ ላይ አይኤስኦ 2503 (የብየዳ ሬጉሌተር ዓለም አቀፍ ደረጃ) የሚል መኖሩን እዩ። ምልክቱን ማስመሰል ቀላል ስለሆነ፣ ያን የ5 ደቂቃ ፍተሻ ካላለፈ እመልሳለሁ ብላችሁ ተዋዋሉ። ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ ግፊቱ የሚሳብ አዲስ ዕቃ ብርቅ አይደለም። ፍላሽባክ አረስተር የሚሉት የእሳት መልስ መከላከያም አብሮ ካልመጣ ለየብቻው ይገዛል።

በሒሳብ በኩል፦ ስብስቡና የእጅ ዋጋው ተደምሮ የተመሳሳይ ደረጃ አዲስ ዕቃ ግማሽ ዋጋ ካልደረሰ አስጠግኑ። ሁለቱም ጌጆች የሞቱበት ከሆነ ግን ከዚህ ሒሳብ አይተርፍም።

የተጣለው ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዳይገኝ። ጌጁ ደህና ከሆነ ይፈታና የኦክስጅኑ ለኦክስጅን ብቻ ይቀመጥ፤ አካሉ መግቢያው በመጋዝ ተቆርጦ በኪሎ ለናስ ገዢ ይሂድ።