በቴፍሎን የተለበጠው ስላይድ፦ ከመስታወቱ ይሻላል ወይ?

ይህን ናሙና የሚቀመጥበት ስስ ሰሌዳ (ስላይድ) ለዴሲ (DESI) ብለን ነው የገዛነው። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የግራሃም ኩክስ ቡድን ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ፈሳሽ ናሙናው ላይ ይረጫል፣ ተፈናጥረው የሚነሱት ጠብታዎች ሞለኪውሎቹን ይዘው ሞለኪውሎችን በክብደታቸውና በቻርጃቸው ወደሚለየው መሣሪያ፣ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ይገባሉ። ተራ መስታወት ላይ ርጭቱ የደረቀውን ናሙና ጠራርጎ ወደ ዳር ይገፋብን ነበር፣ ሲግናሉም ብልጭ ብሎ ድርግም። ቴፍሎኑ ላይ ረጋ አለ፤ ፈሳሹ እንደ ልቡ አይንጣለልም፣ ቻርጁንም በቀላሉ አያሳልፍም። ወረቀትስ? ናሙናውን ይመጠዋል፣ ተዉት። ያናደደኝ ሻጩ ነው። አንዱ ፓኬት ውስጥ ሽፋናቸው የተላጠ አገኘሁና ብደውል «እንዲሁ ነው የሚመጣው» አሉኝ፣ ጉድ እኮ ነው! ብቻ ከመጠቀማችሁ በፊት በሜታኖል እጠቡት፣ ናሙና ሳታደርጉበትም ባዶውን አንዴ ለኩት።