የጭነት ሞተር መሪ ከፍ ለማድረግ፦ የቶርኖ ስፔሰር፣ የተዘጋጀ ማንሻ ወይስ ብየዳ?

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር ነው፦ «ትከሻዬንና ወገቤን ጨረሰኝ፤ መሪውን ከፍ ባደርገው የትኛው ይሻለኛል?» መልሱ ይኸው፦ ቶርኖ ቤት የሚቆረጥ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር የብረት ስፔሰር፣ ማለትም በመሪው መያዣ ሥር የሚገባ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ቁራጭ። ሱቅ ከሚሸጠው የተዘጋጀ ማንሻ ይረክሳል፣ ቶሎ አይላላም፣ ካልተመቻችሁም አውልቃችሁ ሞተሩን እንደነበረ ትመልሱታላችሁ። የተዘጋጀው የግድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱን ወረድ ብለን እናየዋለን። የመሪውን ቱቦ በብየዳ ማስረዘም ግን እንዲህ ያለ ሁኔታ የለውም።

የምንናገረው የሞተር ሳይክል መሪ ስላላቸው የጭነት ሞተሮች ነው። ባጃጅ በዚህ አይካተትም። የባጃጅ መሪ አንድ ወጥ ዘንግ ላይ የተተከለ ነው፤ የማርሽ ካቦዎቹም በግራ እጀታው በኩል ስለሚያልፉ ከፍ የሚደረግበት ቀላል መንገድ የለውም። «ለባጃጅም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ካለ እለፉት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምንም የማያስወጣውን ሞክሩ። መሪውን ከላይ ጨምቆ የሚይዘውን ክዳን አራት ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ እጀታዎቹን ወደ እናንተ አዙሩ። በመሪው ጉብጠት ላይ የተመሠረተ ቢሆንም አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያቀርባቸዋል፤ ለብዙ ሰው የሚጎድለውም ይኸው ነው። ወንበሩንም እዩ። ስፖንጁ የሞተ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ ነገ ስፖንጅ ሲቀየር ሰውየው ከፍ ይላል፣ የዛሬው ልክ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ከዚያ በኋላ ነው ስፔሰር።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል። ሞተሩን አጥፍታችሁ እንደምትነዱ ሆናችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትከሻችሁን ልቀቁ፣ ክርናችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ እጃችሁን ዘርጉ። ሌላ ሰው ከመዳፋችሁ እስከ እጀታው ያለውን ክፍተት በሜትር ይለካ። ከ30 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ስፔሰር ይበቃል። ከ50 ካለፈ መሪውን ራሱን በረጅም መቀየር ይሻላል። ክፍተታቸው 20 የማይሞላ ሆኖ «ከፍ ሲል ያምራል» ብለው 70 ሚሊ ሜትር ማንሻ የሚገዙ አሉ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

አንድ የተሳሳተ ተስፋም እናንሳ። ማንሻ የመሪን ክብደት አያቀልም። ባለ ሁለት እግር ሞተር ጠምዘዝ ሲል ያዘነብላል፤ ባለ ሦስቱ ግን ስለማያዘነብል ሹፌሩ በክንዱ ጎትቶ ነው የሚያዞረው። ያንን የሚያቀልለው የመሪው ስፋት ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። መሪው የከበደው የፊት ጎማው ንፋስ ስለጎደለ ወይም የመሪው ኩሽኔታ ስለደረቀ ከሆነ ደግሞ ስፔሰር ምንም አያደርግለትም። ይህ በክንድ መጎተት ሌላም ነገር ያስከትላል። የመሪው ማሰሪያ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወዛወዛል። ለባለ ሁለት እግር ታስቦ የተሠራ ስስ ማንሻ እዚህ ቶሎ የሚላላውም ለዚህ ነው።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ የመሪው ማሰሪያ እንዴት እንደተሠራ እዩ፤ የምትገዙት በዚህ ይወሰናል። የፊት አሞርዛተሮቹን ከላይ የሚያያይዘው ሳህን ላይ መሪውን የተሸከሙ ሁለት መያዣዎች አሉ። መያዣዎቹ ከሳህኑ የሚለዩና ከታች በብሎን የሚታሰሩ ከሆኑ ስፔሰሩ በመሃል ይገባል፤ ረዘም ያለ ብሎን ብቻ ነው የሚጨመረው። ከሳህኑ ጋር አብረው የፈሰሱ፣ ከላይ ክዳን ብቻ የሚነሳላቸው ከሆኑ ስፔሰር የሚገባበት ቦታ የለም። የተዘጋጀው ማንሻ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ጥርስ ያለው ዘንግ ከመያዣው ጋር አብሮ የተሠራና ከታች በዳዶ የሚታሰር። ይህን ዘንግ በብየዳ ለማርዘም አትፍቀዱ። ወይ በብሎን የሚታሰር መያዣ ፈልጉ ወይ መሪውን ቀይሩ።

ወደ ዋጋ እንምጣ። የስፔሰር ዋጋ ብረቱና የቶርኖው ሰዓት ነው። 35 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ድፍን ብረት ክብደቱ 230 ግራም ገደማ ነው፤ ጥንዱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ «ብረቱ ተወዷል» ብሎ የግማሽ ሜትር ዘንግ ዋጋ ለሚጠይቃችሁ በኪሎ እንዲመዝንላችሁ ንገሩት። ቁርጥራጭ ከጥግ አይጠፋም። የድሮ መኪና አክስል ግን አትቀበሉ፤ እሳት የጠጣ ብረት ስለሆነ ቢላውን ይበላል፣ ሰዓቱን ያስረዝማል፣ ሒሳቡም በእናንተ ላይ ይመጣል። ለዚህ ሥራ ተራ ለስላሳ ብረት ይበቃል። ሁሉም የማያስተውለው ቁጠባ ሌላ ነው፦ ቶርኖ ቤት ሞተሩ መቆም የለበትም። አሮጌውን ብሎንና የመያዣውን የታች ስፋት ልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስፔሰሩ ሲቆረጥ ሞተሩ ድንች ወይም ከሰል እየጫነ ሊውል ይችላል። የአንድ ቀን ገቢ ከስፔሰሩ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ይህን ሳይቆጥሩ «የተዘጋጀው ይቀላል» ማለት ሒሳብ አለማወቅ ነው።

ለቶርኖ ሠራተኛው የምትሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው። ሁለቱም ስፔሰሮች በካሊፐር ሲለኩ ልዩነታቸው ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሁለቱ ፊቶቻቸው በቶርኖ የተላጉ ይሁኑ፤ በመጋዝ ተቆርጦ በሞላ ማሽን የተሞረደ አይሆንም። ቀዳዳው ከብሎኑ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ለ8 ብሎን (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ለሆነው) 8.5፣ ለ10 ብሎን 10.5። አንዱ ስፔሰር ከሌላው ከረዘመ ክዳኑ ሲጠብቅ መሪውን ይጠመዝዘዋል፤ መያዣው የሚሰነጠቀውም ከወራት በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ የስፔሰሩ መሆኑን ማንም አያስታውስም።

ቀጥሎ ብሎኑ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አዲሱ ብሎን የአሮጌው ርዝመትና የስፔሰሩ ቁመት ድምር ነው። አሮጌው 60 ከሆነና ስፔሰሩ 30 ከሆነ 90 ትገዛላችሁ። በ80 ተብቃቅቶ ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ ማንጠልጠል መሪን በክር እንደማሰር ነው፤ የያዘው ጥርስ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ይሁን። የ10 ብሎን ከሆነ ደግሞ ጥርሱን አስተያዩ። የሞተር 10 ብሎን ብዙውን ጊዜ 1.25 ጥርስ ነው፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር፤ የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው 1.5 ነው። በእጅ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል፤ በቁልፍ ከገፋችሁት የመያዣውን ጥርስ ላጨው ማለት ነው። የ8 ብሎን 1.25 ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ያልተጻፈበትን አትግዙ። «አይዝግም» ተብሎ በእጥፍ የሚሸጠው የማይዝግ ብሎንም ለዚህ ቦታ አያስፈልግም፤ ጥንካሬው ከ8.8 ያንሳል።

የተዘጋጀው ማንሻ በኢንተርኔት ፎቶ ላይ ያምራል። ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ማንሻውም አብሮ ሄደ። የቶርኖ ሥራ የሚከፈለው በአገር ውስጥ ጉልበት ስለሆነ እንዲያ አይዘልም። በዚያ ላይ ማንሻው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ እስኪደርስ የመጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ይጨመርበታል፤ ልኩ ካልሆነ መልሶ መለወጡም ሌላ ወጪ ነው።

ዋናው ሕመም ግን አስመስሎ የተሠራው ነው። ጥሩው ማንሻ ከድፍን አሉሚኒየም የተቆረጠ ነው። መናኛው ከዚንክ ቅልቅል ፈስሶ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። ሁለቱንም ማግኔት አይዝም፤ ስለዚህ በማግኔት ብቻ አትታለሉ። ክብደቱ ይናገራል። ዚንክ ከአሉሚኒየም ሁለት ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ ዕቃው በእጅ ሲያዝ እንደ ብረት ከከበደና ማግኔት ካልያዘው ዚንክ ነው፣ መልሱት። ዚንክ ጎብጦ አያስጠነቅቅም፤ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። በኮብልስቶን ላይ የሚውል ሞተር ላይ ይህን መትከል ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሹፌር አይነገርም።

መሪው የሚገባበትን የቀዳዳ ልክም እዩ። የአብዛኞቹ የጭነት ሞተሮች መሪ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ በገበያው ላይ የ28 ማንሻም በብዛት አለ። ሻጩ «ላሜራ ጠቅልለህበት ይጠብቃል» ካለ ትታችሁ ውጡ፤ ላሜራው በንዝረት ይደቅቃል፣ መሪውም ጭነት ባለበት ቁልቁለት ላይ ይዞራል። አብረው የሚመጡት ብሎኖችም ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆኑ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳቸው በሁለተኛው መፍታት ክብ ይሆናል። የግድ የተዘጋጀውን የምትገዙ ከሆነ የብሎኖቹን ዋጋ ከመጀመሪያው ጨምራችሁ አስቡ። ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም የሚያመጣ ዓይነት ከሆነ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ እጀታው ጉልበታችሁን ወይም ታንኩን እንዳይነካ እዩ።

ብየዳ በዋጋ ከሁሉም ይረክሳል፤ የሚያታልለውም ይህ ነው። የመሪ ቱቦ ስስ ነው። ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ቦታ በሙቀቱ ይዳከማል፤ የሚሰበረውም ብየዳው ራሱ ሳይሆን ከአጠገቡ ያለው ነው፣ ቀለም ከተቀባ ስንጥቁ አይታይም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በሚወስደው ቁልቁለት መሃል መሪ እጅ ላይ ቢቀር ዋጋው በብር አይቆጠርም። «ውስጡ ዘንግ ከትቼ እበይደዋለሁ» የሚለውም ስብራቱን ዘንጉ ወደሚያልቅበት ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም።

ረጅም መሪ መቀየር ጥሩ አማራጭ ነው፣ ግን መሪው ብቻውን አይመጣም። የፍሪሲዮን ካቦ፣ የነዳጅ ካቦ፣ የፊት ፍሬን ካቦ፣ የፍሬቻና የክላክስ ሽቦ ማስረዘሚያ ይከተላሉ። የመሪውን ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ አትስማሙ፤ ሁሉንም ደምሩ።

ሲገጠም የመሪውን ክዳን ፈትታችሁ መሪውን ታንኩ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ አሳርፉት። ከመያዣው ሥር ያለውን ጎማ አትጣሉት፤ ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው፣ ያለ እሱ እጅ ይደነዝዛል። የተበላ ከሆነ ግን አሁኑኑ ቀይሩት፤ በ30 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ትንሹ መላላት ትልቅ ሆኖ ነው የሚሰማው። ስፔሰሮቹን ከመያዣዎቹ ሥር አስገብታችሁ የታቹን ብሎኖች በእጅ ብቻ ያዝ አድርጉ፣ መሪውን አስቀምጣችሁ ክዳኑን ግጠሙ፣ መሪው ቀጥ ማለቱን አይታችሁ ከታች አጥብቁ። የታቹ መጀመሪያ ከጠበቀ ሁለቱ መያዣዎች አንድ መስመር ላይ አይሆኑም። ለ8 ብሎን በ20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ያህል መሳብ ይበቃል፤ ለ10 ብሎን በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ 18 ኪሎ ገደማ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ መሳብ አያስፈልግም።

ካቦዎቹ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ የታሰሩበትን ማሰሪያ ፈትታችሁ በአጭሩ መንገድ አሳልፏቸው። ከዚያ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሡ፤ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሩት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የነዳጅ ካቦው አጥሯል፤ እንዲያ ሆኖ መንገድ አይወጣም። የፍሪሲዮኑ መጨበጫ ጫፍ ከመጥበቁ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ፤ ካልተንቀሳቀሰ ዲስኩ እያንሸራተተ ይቃጠላል። የፊት ፍሬኑ በዘይት ከሆነ ቱቦው በየትኛውም ጥግ እንዳይወጠር ተመልከቱ። አንገቱ ላይ የሚተጣጠፉትን ሽቦዎችም እዩ፤ ከተወጠሩ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሰው ማታ መብራት ያጠፋሉ።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ስድስቱንም ብሎኖች፣ ከታች ሁለቱን ከላይ አራቱን፣ ድጋሚ ፈትሹ። በክረምት ደግሞ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ስለሚያቁር ስፔሰሩን ቀለም ቀብታችሁ ግጠሙት። የወጡትን አጫጭር ብሎኖች በፌስታል ጠቅልላችሁ ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀምጡ፤ ሞተሩ ሲሸጥ ገዢው መሪውን ዝቅ አድርጉልኝ ካለ ሌላ ብሎን አትገዙም፣ ስፔሰሩም ለሚቀጥለው ሞተር ይሆናል።