ማስጠንቀቂያ፦ «ማት ናት» ተብሎ ስለሚሸጥ ላፕቶፕና «ያው ነው» ተብሎ ስለሚገጠም ስክሪን

አያት፣ ጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ፣ ሰበታ መንገድ ላይ ካሉ የኮንዶሚኒየም ሥር ሱቆች ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ወይም የተሰበረ ስክሪን ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ሁለት ዓይነት ጨዋታ አለ። አንዱ፣ የሚያብረቀርቀውን ግሎሲ ስክሪን ደብዛዛ ላስቲክ ለጥፎበት «ወንድሜ፣ እሷ ማት ናት፣ ምንም አታንጸባርቅም» ብሎ መሸጥ ነው። ሌላው፣ ለጥገና በወሰዳችሁት ላፕቶፕ ላይ የነበረውን ጥሩ ማት ስክሪን በርካሽ ተክቶ የኦሪጅናሉን ዋጋ መቀበል። ሁለተኛው ይብሳል። ማሽኑ ይበራል፣ ምስል ያመጣል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል። ዓይኑ መድከም ሲጀምር ነው የሚጠረጥረው፤ ያኔ ደግሞ አሮጌው ስክሪን ሱቁ ውስጥ የለም።

ማት በአዲስ አበባ ዳር የሚፈለገው በከንቱ አይደለም። ሱቅም ሆነ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በሩን ከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ፊት ለፊቱ አዲስ ቆርቆሮ ወይም ገና ቀለም ያልተቀባ ብሎኬት ፀሐይ ይመልስበታል። አዲስ የገቡበት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ መጋረጃ እስኪሰቀል ድረስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መስኮቱ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ለስላሳ መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 4 ከመቶው የሚመጣው ከበራ ሰማይ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ካለው ጥቁር ጽሑፍ ይልቅ የሸሚዛችሁ ቁልፍ ጎልቶ ይታያል። ግሎሲ ጠዋት ፀጉር ለማበጠር ጥሩ ነው። ያንን ለማሸነፍ ብርሃኑን እስከ ጥግ ትከፍታላችሁ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ባትሪውን ቀድሞ የሚጨርሰው ይኸው ነው።

ማት ግን ብርሃኑን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል እንጂ። የስክሪኑ የላይኛው ሽፋን በፋብሪካ ሲሠራ በዓይን የማይለይ ጉርብጥብጥ ይወጣለታል፤ ያ ነው አምፖሉን ነጥብ ከመሆን አውጥቶ ጭጋግ የሚያደርገው። ስለዚህ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ማቱም በሙሉ ነጣ ይላል፣ አዙሮ ማምለጥም የለም። ወሳኙ ከብርሃን አቅም ጋር ሲደመር ነው፦ ርካሽ ስክሪኖች 220 ኒትስ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ናቸው፣ መካከለኞቹ 250 እና 300። 220 ኒትስ ያለው ማት በር ላይ ለሚሠራ ሰው አያዋጣም፤ 400 ኒትስ ያለው ግሎሲ ሊበልጠው ይችላል። «ማት ናት» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ እንዲያስጨምራችሁ አትፍቀዱ።

ወደ ላስቲኩ እንምጣ። ላፕቶፑን አጥፉትና የስልካችሁን ባትሪ መብራት አብርታችሁ ከአንድ ክንድ ርቀት ወደ ጥቁሩ ስክሪን አብሩ። ግሎሲ ከሆነ የመብራቷ ነጥብ ጥርት ብላ ትታያለች። ማት ከሆነ ጫፉ የማይታወቅ ነጭ ደመና ይሆናል። ይህ ግን ላስቲክ የተለጠፈበትንም «ማት» ያሰኘዋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቁሙ። ጥፍራችሁን ከፍሬሙ ጠርዝ ወደ መሃል ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። ላስቲክ ካለ ከጠርዙ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሜትር ገባ ብሎ ጥፍሩ ቀጭን ደረጃ ይመታል። አራቱንም ማዕዘን እዩ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አቧራ የያዘ ጥቁር መስመር ይኖራል። በዚህ አቧራማ አካባቢ ንጹሕ አድርጎ መለጠፍ ከባድ ነው፣ ላስቲኩ ሥር የገባች አንዲት ቅንጣት ዙሪያዋን የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ትሠራለች።

ከዚያ ማሽኑን አብርታችሁ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ። የፋብሪካ ማት ሽፋን ከፒክስሉ (ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) በጣም ቅርብ ስለሆነ ነጩ ገጽ ነጭ ሆኖ ይታያል። ላስቲኩ ግን ከሥሩ ሙጫና የስክሪኑ የራሱ ሽፋን ስላለ ከፒክስሉ ይርቃል። ጉርብጥብጡ እንደ ጥቃቅን ሌንስ እየሠራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ይበትነዋል። ገጹ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ራስ ሲንቀሳቀስ ብልጭታውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። 10 ነጥብ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ጸ» እና «ጻ»ን መለየት ካስቸገራችሁ ጉዳዩ የመነጽር ላይሆን ይችላል።

ሻጩ «ካልወደድሽው አላቀዋለሁ እህቴ» ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ያላቀው። በዝቅተኛ ማዕዘን፣ ከጥግ፣ በዝግታ ይሳባል። እምቢ ካለ ያቁም፤ አብሮ የሚነሳው ፖላራይዘሩ (ምስሉ እንዲታይ የሚያደርገው የስክሪኑ የራሱ ሽፋን) ከሆነ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ስክሪኑም ሞተ ማለት ነው።

አሁን ዋናው፣ ጥገናው። «ሁሉም 30 ፒን ነው፣ ይገጥማል» ሲባል (ፒን ማለት የስክሪኑ ኬብል መሰኪያ እግር ነው) ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ወጥመዱም እሱ ነው። 1366 በ 768 ፒክስል የሆነውም፣ 1920 በ 1080 የሆነውም፣ ቲኤን የሚባለው ርካሹ የስክሪን ዓይነትም፣ ከየትም አቅጣጫ ደህና የሚታየው አይፒኤሱም፣ ማቱም፣ ግሎሲውም በዚያው 30 ፒን ኬብል ይሠራሉ። ከ1920 በ 1080 ወደ 1366 በ 768 ስትወርዱ ግማሽ ያህል ፒክስል አጣችሁ ማለት ነው፤ ኤክሴል ላይ በአንድ ገጽ የሚታየው ዓምድ ሲያንስ ይታወቃል። ቲኤን ደግሞ ስክሪኑን ወደ ኋላ ስታዘነብሉና ከሥር ስታዩት ይጠቁራል፣ ፊት ያለበት ፎቶ እንደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። አይፒኤስ እንዲህ አያደርግም። ይህቺ ሙከራ አምስት ሰከንድ ትፈጃለች።

ስክሪኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው መለያ ያናግራችኋል። ቢኦኢ የተባለው አምራች በሚሠራቸው ስክሪኖች መለያው በኤንቪ ከጀመረ አይፒኤስ ዓይነት ነው፣ በኤንቲ ከጀመረ ቲኤን። ኤዩኦ የተባለው አምራች በሚሠራቸው ከመጠኑ ቀጥሎ ኤችኤኤን የሚል ካለ አይፒኤስ፣ ኤችቲኤን ከሆነ ቲኤን፤ ኤክስቲኤን ካያችሁ ቲኤን ብቻ ሳይሆን 1366 በ 768 ነው። በኤችፒ ማስታወቂያ ላይ ኤስቪኤ የሚለው ቲኤን፣ ዩደብሊውቪኤ የሚለው አይፒኤስ ነው። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 በሁለቱም ዓይነት ወጥቷል፣ ቲንክፓድ ቲ480ም እንዲሁ፤ ስለዚህ የሞዴል ስም ብቻውን ምንም ዋስትና አይደለም።

ላፕቶፑን ለቴክኒሻን ከመስጠታችሁ በፊት፣ ምስሉ በከፊልም ቢሆን የሚታይ ከሆነ ወይም በውጭ ቴሌቪዥን ማየት ከቻላችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ሞኒተርስ የሚለውን ዘርግታችሁ የላፕቶፑን ስክሪን በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ በሉ። ኤዩኦ፣ ቢኦኢ፣ ሲኤምኤን ወይም ኤልጂዲ በሚል የአምራቹ ሦስት ፊደል የሚጀምርና አራት ፊደልና ቁጥር የሚከተለው ኮድ ይመጣል። በስልክ ፎቶ አንሱት። ከጥገና በኋላ ያው ኮድ ከመጣ የተገጠመው ያው ሞዴል ነው፤ የተለየ ኮድ ከመጣ ደግሞ በአዲሱ ኮድ ምን እንደተገጠመ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ዴል ከሆነ የሰርቪስ ታግ ቁጥሩን በኩባንያው ገጽ ብታስገቡ ሲወጣ የነበረው ስክሪን ምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሲገጠም ቁሙበት። ኬብሉ ከመነቀሉ በፊት ባትሪው መነቀል አለበት። ባትሪው እንዳለ የሚጎረጉር ሰው የጀርባ መብራቱን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል፤ ከዚያ ምስሉ በባትሪ መብራት ብቻ ድንግዝግዝ ብሎ ይታያል፣ እናንተም «ቦርዱ ነው የሄደው» ትባላላችሁ። 40 ፒን ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚሄድበት የቆየው መንገድ ኤልቪዲኤስና አዲሱ ኢዲፒ ሁለቱም 40 ፒን ስላላቸው በፒን ቁጥር ብቻ የሚያዛምድ ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። በ15.6 ኢንች ደግሞ 350 እና 360 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አሉ። የማይገጥመውን በሁለት ወገን ማጣበቂያ አጣብቆ ፍሬሙን ከጫነበት፣ ከጥቂት ወር በኋላ በጎኑ ነጭ ብርሃን ይፈሳል።

በጣት የሚነካ (ታች) ስክሪን ያላችሁ፣ «ማት እናድርግልሽ» ሲባል እሺ አትበሉ። አብዛኛው ታች መስታወት አለው፣ ግሎሲም የሆነው ለዚያ ነው፤ መስታወቱን አንስቶ ማት ሲገጥምላችሁ ታቹን እያጣችሁት ነው።

እውነተኛ ማት ያለው ሰው በአልኮልም በሳኒታይዘርም በመስታወት ማጽጃም አይወልውለው፣ ሽፋኑን ሊበላው ይችላል። አቧራውን በደረቅ ነጠላ አትፈትጉ፤ አሸዋው የጫረው ቦታ ማት ላይ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፋችሁ፣ በጥቂቱ በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በቂ ነው። ፎቶና ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ክፍላችሁም መጋረጃ ያለው ከሆነ ግሎሲ ይሻላችኋል፣ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ እዚያ ላይ ማት ፈልጎ መሟገት ትርፍ የለውም።

ደረሰኝ ላይ «ላፕቶፕ 1» ብቻ አታስጽፉ። «14 ኢንች፣ 1920 በ 1080፣ አይፒኤስ፣ የፋብሪካ ማት፣ ላስቲክ የሌለው» ተብሎ ይጻፍ፤ ጥገና ከሆነ የአዲሱ ስክሪን ሙሉ መለያ ቁጥርና የስንት ቀን ዋስትና እንዳለው ይጨመርበት፣ አሮጌውንም ስክሪን ተሰብሮም ቢሆን ተቀበሉ። በአፍ ሁሉን እየማለ ይህችን መስመር ለመጻፍ እስክሪብቶ የሚያጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ላፕቶፑን ዝጉና ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።