ጨርቅ ለማድረቅ የእንፋሎት ሲሊንደር ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ ሙቅ አየር?

ማቅለሚያ ቤት ሊከፍት ያሰበ ወዳጅ ሁሉ ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ መልሴን ልጻፈው፦ በየቀኑ ብዙ ጨርቅ የምታደርቁ ከሆነ የእንፋሎቱን፣ ማለትም ጨርቁ የሚጠመጠምበትን በእንፋሎት የሚግል ክፍት ሆድ ብረት፣ ግዙ።

የኤሌክትሪኩ ሲገዛ ይረክሳል፤ እንፋሎት የሚያፈላ ቦይለር የለው፣ ቧንቧ የለው። ወጪው የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ማሽኑ ምንም ይሁን ምን ቢያንስ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሙቅ አየሩ ግን ከነሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሹልክ ይላል፤ ሲሊንደሩ ጨርቁን ነክቶ ነው የሚያሞቀው። የትኛውንም ብትገዙ መጭመቂያ ሮለር አይቅርባችሁ። 100 ኪሎ ጨርቅ 100 ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ከሚገባ 70 ይዞ ቢገባ ቢያንስ 19 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል።

ቦይለሩ በናፍጣ ይሁን በመብራት? አንድ ሊትር ናፍጣ በቦይለር ውስጥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ የሊትሩን ዋጋ ለ8 አካፍሉና ከኪሎዋት ሰዓት ታሪፋችሁ ጋር አስተያዩት። እኛ አገር መብራቱ ይረታል።

መብራት ድርግም ሲል ግን የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ጉዱ ይወጣል። ማራገቢያው ይቆማል፣ ኤለመንቱ እንደጋለ ይቀራል፣ የተጠራቀመው የጥጥ ብናኝ እሳት ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ነጭ አቡጀዲ ቡኒ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። በ3 ባር ግፊት ያለ እንፋሎት ከ144 ዲግሪ አያልፍም፤ ግፊቱን ከያዛችሁ ሙቀቱን ያዛችሁ።

የእንፋሎቱ ጣጣ ስቲም ትራፕ ነው። ይህች ጭብጥ የማትሞላ ዕቃ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚሆነውን ውሃ ብቻ አስወጥታ እንፋሎቱን ማስቀረት አለባት። የታወቀ ስም የተቀረጸባቸው አስመስሎ የተሠሩት ቶሎ ክፍት ሆነው ይቀራሉ፣ እንፋሎቱ ሲያመልጥ ነዳጁም በቧንቧ እንደፈሰሰ ቁጠሩት። ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ትራፑ ላይ አስደግፋችሁ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፦ ቆም እያለ ከተነፈሰ ደህና ነው፤ ሳያቋርጥ ካፏጨ ጣሉት። "አይዝጌ ብረት ነው" ብለው ማግኔት ቢያሳዩአችሁም አትታለሉ፤ 201 የሚባለውን ርካሽ ዓይነትም ማግኔት አይስበውም። የሲሊንደሩን የግፊት ፍተሻ ወረቀት ጠይቁ፤ ሲቀዘቅዝ አየር የሚያስገባው ቫኪዩም ሰባሪ ቫልቭ መኖሩንም እዩ። እሱ ከሌለ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ሲሊንደሩ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ለቦይለሩም የውሃ ማለስለሻ (ቦይለሩ ውስጥ የሚጋገረውን ማዕድን ከውሃው የሚያስወግድ ዕቃ) ግዙ፤ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙማ ከሆነ ያለሱ አትጀምሩ።

ናሙና ብቻ የምትሠሩ ወይም በሳምንት አንዴ የምታደርቁ ከሆነ ግን ቦይለር ማሞቁ ራሱ ኪሳራ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ውሰዱ፣ ብናኙን በየቀኑ ጥረጉ።