በሪሌ ያሠራሁት የሞተር መብራት፣ ከ9 ወር የማታ ጉዞ በኋላ

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ የምሠራው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በዘንዘልማና በአንዳሳ በኩል ነው። ይህን የማነሳው ለምን በጨለማ እንደምነዳ እንዲገባችሁ ነው። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ማታ ትዳቀላለች። ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። ገበሬው ሲደውል «ነገ ከሰዓት እመጣለሁ» ማለት አይቻልም። ጊዜው ካለፈ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው፣ ያ ደግሞ ለገበሬው ወተትም ጥጃም ማጣት ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ጎህ ሳይቀድ ወይ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ ነኝ።

ሞተሬ ባለ 150 ሲሲ ናት። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው አምፖል 35/35 ዋት ሃሎጅን ነው። ከተማ ውስጥ ብዙም አይታወቅም፣ የመንገድ መብራት አለ። አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ ስትወጡና የድልድዩ መብራት ከኋላ ሲቀር ነው ጉዱ የሚታየው። ፊቴ ላይ የነበረው አንድ የደበዘዘ ቢጫ ክብ ነው። ከ20 ሜትር ወዲያ ምንም የለም። በ60 ስትነዱ በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ። አይታችሁ፣ ወስናችሁ፣ ፍሬን እስክትይዙ ያ 20 ሜትር አልቋል። መንገዱ ላይ ደግሞ ያለው መኪና ብቻ አይደለም። መብራት የሌለው ጋሪ አለ። አስፋልቱ ሞቆት የቆመ አህያ አለ። ከገበያ አምሽቶ የሚመለስ ሰው አለ። አባይ ዳር ደግሞ ማታ ማታ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። አምና ግንቦት ላይ ኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 12 ሺህ ሉመን ይላል፣ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ደህና የሆነ ባለ 35/35 ሃሎጅን በረጅም መብራት 825፣ በአጭር 525 ሉመን አካባቢ ነው የሚሰጠው። ግቢ ውስጥ አብርቼ ግድግዳው ላይ ሳየው ቀን መሰለ። በጣም ደስ አለኝ።

መንገድ ላይ ግን ሌላ ሆነ። ከጎማው ፊት ያለው 5 ሜትር ነጭ ወረቀት የተነጠፈበት ይመስላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ጨለማው ከበፊቱ ባሰ። ዓይን ቅርብ ያለውን ድምቀት ከለመደ የሩቁን ማየት ያቅተዋል። የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ አይታይም። ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ ሁሉ ወደ ራሴ ዓይን ይመለስ ነበር።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። በመብራቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተሠራው ለሃሎጅን ክር ነው። ክሯ ቀጭን ናት፣ የምትቀመጥበትም ቦታ በሚሊሜትር የተለካ ነው። ኤልኢዲው ግን ግራና ቀኝ የተለጠፈ ቺፕ ነው። ቺፑ ክሯ በነበረችበት ቦታ በትክክል ካላረፈ አንጸባራቂው ብርሃኑን መንገዱ ላይ አያሳርፈውም፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበትነዋል። ከፋብሪካው ሙሉ መብራቱ ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ ሞተር ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ላይ ምንም አልልም። የኔ ነገር የሃሎጅን ቤት ውስጥ የገባ ኤልኢዲ ነው።

አንድ ማታ ወደ አንዳሳ ስሄድ በቅሎ የሚስቡ አዛውንት ገጠሙኝ። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው መንገዱ መሃል ቀጥ አሉ። በቅሎዋ ደንብራ ቦይ ውስጥ ገባች። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

«ምነው ልጄ፣ እግሬን የት ላኑረው? አሳወርኸኝ እኮ» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ» ብዬ በቅሎዋን አብረን አወጣናት። አልተቆጡም፣ መርቀውኝ ነው የሄዱት። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድምፃቸው ከጆሮዬ አልወጣም። በአጭር መብራት ነበር እኮ የምሄደው። ረጅሙን አብርቼ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን አውቀው ነበር።

ነሐሴ ላይ የአምፖሉ ማራገቢያ ውሃ ገብቶት ቆመ። ኤልኢዲ ከኋላው በጣም ይግላል፣ ሙቀቱን የሚያወጣለት ማራገቢያው ነው። እሱ ሲቆም ብርሃኑ እየደከመ ሄደና በሁለት ሳምንት ውስጥ መብለጭለጭ ጀመረ። ጳጉሜ ላይ አውጥቼ ጣልኩት።

ወደ ሃሎጅኑ ልመለስ ስል አንድ የማውቀው የመኪና ኤሌክትሪሽያን «አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ለክተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም። የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን አመጣ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት። መብራቱ እየበራ አምፖሉ ሶኬት ላይ 11.4። ሁለት ቮልት ከምናምን መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኔ በ16 በመቶ ነበር የቀነሰው። ስለዚህ አምፖሉ መስጠት ከሚችለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዤ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የምነዳው። አምፖሉን ስረግመው ኖሬ አምፖሉ ምንም አላጠፋም!

ቮልቱ የት ጠፋ? ከባትሪ ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ መሪው ላይ ወዳለው ማብሪያ፣ ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ዙሩም ረጅም ነው። ማብሪያው ውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ኔጋቲቩ ከሞተሩ ብረት ጋር የታሰረበት ቦታ ደግሞ ዝጓል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይበላል።

መፍትሔው ሪሌ ነው፣ በትንሽ ከረንት ተቀስቅሶ ትልቁን ከረንት የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው። ሪሌ ሲገባ ያ ቀጭን ሽቦ አምፖሉን መሸከሙ ይቀርለታል። ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሆናል። አምፖሉ የሚፈልገው ከረንት ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ይመጣል። ሪሌው ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ላይ ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ በመሃል ባለ 10 አምፒር ፊውዝ፣ ፊውዙም ለባትሪው በጣም ቀርቦ። 87 ከአምፖሉ ጋር። 85 እና 86 አንዱ ከድሮው የመብራት ሽቦ፣ ሌላው ከኔጋቲቭ። ሁለት ሪሌ ነው ያስገባነው፣ ለአጭር አንድ፣ ለረጅም አንድ። ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። ኔጋቲቩንም በአዲስ ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ ወሰድነው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የፕላስቲኩን ሶኬት በሸክላ ሶኬት ቀየርነው። አምፖሉ ጥሩ የሚባል ሃሎጅን፣ ያው 35/35። የሠራተኛውን ጨምሮ ከ2 ሺህ ብር ትንሽ አለፈ። ከኤልኢዲው ብዙም አይራራቅም።

ስንለካው ሶኬቱ ላይ 13.2 አለ።

የዚያን ቀን ማታ በዘንዘልማ በኩል ወጣሁ። ብርሃኑ እንደ ኤልኢዲው ዓይን አይወጋም። ቢጫ ነው፣ ለስለስ ይላል፣ ግን መንገዱ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። የአስፋልቱን ጠርዝ አየሁት። ከጠርዙ ማዶ ያለውን ቦይ አየሁት። አንድ አህያ ጭንቅላቷን ወደ እኔ ስታዞር ዓይኗ ከሩቅ አበራ፣ ማርሽ ቀንሼ ቀስ ብዬ አለፍኳት። በፊት ቢሆን አጠገቧ ከደረስኩ በኋላ ነበር የማያት።

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃው ከኋላ ታስሮ ነው የሚሄደው። የማዳቅልበት የኮርማ ዘር እሱ ውስጥ በ-196 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ዕቃው ሲሞላ ደግሞ ይከብዳል። ከኋላ ክብደት ሲጫን የሞተሩ ፊት ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ ቀና ይላል። ባዶ ሞተር ላይ ያስተካከላችሁት መብራት ሰው ወይ ዕቃ ስትጭኑ የሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ እንደገና አስተካከልኩት። ጎማውን በደንብ ነፋሁ። ዕቃውን ጫንኩ። ጓደኛዬ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝና እኔ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳው 5 ሜትር ራቅን። የመብራቱን መሃል ከፍታ በሜትር ለክተን ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርን። ከዚያ አጭር መብራቱን አብርተን የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል በካቻቢቴ አዞርን። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ብር አልፈጀም። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሪሌው እኩል የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ አድርጌው ቢሆን እላለሁ።

አሁን 9 ወር ሆነው። ወደ 9 ሺህ ኪሎሜትር ነድቼበታለሁ፣ አብዛኛው በጠጠር መንገድ ነው። የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አምፖል አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፣ ጥር ላይ። ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ዕድሜው ማጠሩ አይቀርም፣ የጠጠሩ ንቅናቄም ክሯን ይጎዳል። ይህን ተቀብዬዋለሁ። ትርፍ አምፖል በጨርቅ ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር እይዛለሁ። ስትቀይሩ መስታወቱን በጣት አትንኩ። የእጅ ቅባት መስታወቱ ላይ ከቀረ ያቺ ቦታ ከሌላው በላይ ትግልና አምፖሉ ቶሎ ይሞታል። ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት፣ እኔ ለሥራዬ የምይዘው አልኮል ስላለ በሱ ነው የምጠርገው።

የተቃጠለው ማታ ነበር፣ ከአንዳሳ ስመለስ። የአጭሩ ክር ነው የሄደው። ድንገት ጨለመ። ረጅሙን ስነካው በራ፣ የሱ ክር ሌላ ናትና። ሪሌ ወይ ፊውዝ ቢሄድም እንዲሁ አንዱ መብራት እንዲተርፍ ነው ሁለቱንም ለየብቻ ያደረግነው። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ በስልክ መብራት አምፖሉን ቀይሬ ቀጠልኩ። «በአንድ ሪሌ ይበቃል፣ ገንዘብ ታተርፋለህ» የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

የመጀመሪያው የፊውዝ ቤት ርካሽ ነበር። ታህሣሥ ላይ ሳየው ፕላስቲኩ ለስልሶ ተጣሟል። የጎማ ክዳን ባለው ቀየርኩት። ሪሌዎቹ እስካሁን ያው ናቸው። እግራቸው ወደ ታች እንዲሆን አድርገን ነው ያሰርናቸው፣ ውሃ ቢገባ እንዲወርድ።

ሌላው የሐይቁ ነገር ነው። ጣና ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ሲመሽ ቢንቢው እንደ ጭስ ይነሳል። በተለይ ነፋስ በሌለበት ምሽት የመብራቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። አንድ ማታ ብርሃኑ ሲቀንስብኝ ሽቦው መስሎኝ ቆሜ ሳይ የመብራቱ ፊት የታችኛው ግማሽ በሞተ ቢንቢ ተሸፍኗል። ደረቅ ጨርቅ አትጠቀሙ፣ ከአቧራው ጋር ሆኖ ፕላስቲኩን ይፍቀዋል። ትንሽ ውሃ አፍስሱበት፣ እስኪርስ ጠብቁ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። እኔ የውሃ ኮዳዬን ለዚህ ነው የምይዘው።

የመብራቱ ፊት የቆየ ከሆነ ቢጫ ይሆናል። የኔ የካቲት ላይ በአቧራው ብሶበት ነበር። በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በቁጥር 1000 ከዚያ በ2000፣ በመጨረሻ በፖሊሽ ቅባት አሸሁት። ጠራ። በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ፣ እሱ ላዩን ብቻ ነው የሚነካው። ግን አንዴ ከታሸ ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን አብሮ ይነሳል፣ ተመልሶ ቢጫ መሆኑ አይቀርም። ሞተሩን ጥላ ሥር ማቆም ይረዳል።

ይህን ለሁሉም ሞተር አልልም። አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራታቸው ከባትሪ አይደለም የሚበራው፣ ከሞተሩ በቀጥታ በኤሲ፣ ማለትም በተለዋዋጭ ከረንት ነው። ነዳጅ ስትሰጡት የሚደምቅ፣ ስትለቁት የሚፈዝ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ እንደዚያ መሆኑን ጠርጥሩ። እሱ ላይ ይህ አሠራር እንዲሁ አይሠራም፣ መጀመሪያ ሽቦውን ወደ ባትሪ የሚያዞር ባለሙያ ይፈልጋል።

ደግሞ ሪሌ ስላስገባሁ 60/55 አምፖል ልክተት የምትሉ አላችሁ። እኔም አስቤው ነበር። አጭሩ ብቻ ከ3 አምፒር ወደ 4.6 ይወጣል። በከተማ እየቆማችሁ ስትሄዱ ባትሪው መሙላት ያቅተዋል፣ አንጸባራቂውም በሙቀቱ ይጎዳል። አልነካሁትም።

ለኔ አጭር መብራቱ አሁን ይበቃኛል፣ በ50 ስነዳ ተረጋግቼ ነው። በ80 ግን አይበቃም፣ በ80 ማታ አልነዳም። ከፊት መኪና በረጅም መብራት ሲመጣብኝ አሁንም አያለሁ የምለው ነገር የለም። ዓይኔን ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ አድርጌ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ካለፈም በኋላ ዓይኔ እስኪመለስ ጥቂት ሰከንድ ቀስ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ቴስተሩን ተውሼ የኋላ መብራቱንም ለካሁት። 10.9 ነው። ከኋላዬ የሚመጣው ሲኖትራክ የሚያየኝ በሷ ነው። ቅዳሜ ሽቦውን መፍታት እጀምራለሁ።